ማርሹ ላይ አውራ ጣቴ አይደርስም፤ ምን ይሻላል?

ይህን ጥያቄ በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ የከፈተችው ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ያገለገለ ባለ 21 ማርሽ የተራራ ብስክሌት ገዝታ ከአባይ ማዶ ወደ መሀል ከተማ ትመላለስበታለች። ችግሯ የቀኝ እጇ ማርሽ መቀየሪያ ነው። ከመሪው በላይ የተቀመጠ፣ በአውራ ጣት እየተገፋ የሚሠራ ማንሻ ነው፤ በሜዳው ላይ እምብዛም አያስቸግራትም። ዳገት ሲመጣና ካቴናውን ወደ ትልቁ የኋላ ጥርስ (ካቴናው ወደሚጠመጠምበት ጥርሳም ክብ) ማውጣት ሲያስፈልጋት ግን አውራ ጣቷ ይቀርባታል። መዳፏን ከእጀታው ማንሣት ግድ ይሆንባታል፤ መዳፏ ሲነሣ ደግሞ ጣቶቿ ከፍሬኑ ይለቃሉ። ማታ ማታ የአውራ ጣቷ ሥር ይጠዘጥዛታል። ያሳየችው ጠጋኝ ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ ስለመጣ ከተነካ እንደሚበላሽ ነግሮ መልሷታል። ልታውቅ የፈለገችው ሌላ ዕቃ ሳትገዛ ማንሻው ወደ እጇ መቅረብ ይችል እንደሆነ ነው።

ይህን ጥያቄ በየጊዜው የሚያነሣ ሰው ስለማይጠፋ በክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር በተከታታይ በተጻፈው ውይይት፣ የተሰጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው እተርካቸዋለሁ። ሁሉም እኩል ቦታ አይገባቸውም፤ ለአንዳንዶቹ አንድ መስመርም ይበዛባቸዋል።

1ኛው ምላሽ አሮጌውን አውልቆ ከመሪው ሥር የሚቀመጠውን ባለ ሁለት ምላስ መቀየሪያ መግዛት እንደሚሻል ይመክራል። ለምን እንደሚሻል አላብራራም፤ ጠያቂዋ መግዛት እንደማትፈልግ መግለጿንም ያነበበ አይመስልም።

2ኛው ከዳንግላ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ባሕር ዳር ለጥ ያለች ከተማ ሆና ሳለ ማርሽ መቀያየር ለምን እንዳስፈለገ ገርሞታል። መካከለኛው ላይ አድርጎ መተው እንደሚበቃ፣ እሱ ራሱ ማርሽ በሌለው ብስክሌት እንዳደገና አውራ ጣቱን አንድም ቀን አሞት እንደማያውቅ አስፍሯል። አጻጻፉ ፌዝ ቢጤ አለበት።

በ3ኛው ጠያቂዋ ራሷ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥም ሜዳውም ዳገት እንደሚሆን፣ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚያወጣውን መንገድ ግን ማንም ሜዳ ሊለው እንደማይችል በትሕትና አስረዳች። መጨረሻ ላይ ትሕትናዋ አለቀና፣ የዳንግላውን ልጅ ማርሽ የሌለውን ብስክሌቱን ይዞ መጥቶ ቤዛዊትን ሲወጣ እንዲያሳያት ጋበዘችው። ልጁ ከዚህ በኋላ በክሩ ላይ አልታየም።

4ኛው ምላሽ የክሩ ምሰሶ ነው። የጻፉት ቡሬ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብስክሌት ሲጠግኑ የኖሩና አሁን ሥራውን ለልጃቸው ያስረከቡ አዛውንት ናቸው። ጠያቂዋን ልጄ እያሉ ነው የጻፉላት። ከፋብሪካ እንዲህ መጣ የሚለው ነገር ምክንያት ሊሆን እንደማይችል፣ ብስክሌት በካርቶን ሲታሸግ መሪው ላይ ያለው ዕቃ እንዳይጎዳ ተጠማዝዞ እንደሚመጣና የገጣጠመው ሰው ባስቆመበት ቦታ እንደሚቀር አስረዱ። ማንሻው መሪውን የሚይዘው በአንድ ማቀፊያ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱን የሚያጠብቀው ደግሞ አንድ ብሎን ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ በ5 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን መፍቻ ይፈታል፤ በአሮጌዎቹ ላይ ካቻቢቴ የሚጠይቅም ይገጥማል። ብሎኑን ነቅሎ ማውጣት አያስፈልግም፤ ቀለበቱ በእጅ ሲገፋ እየያዘ የሚንቀሳቀስ እስኪሆን ማላላት ይበቃል።

ከዚህ ቀጥለው የጻፉትን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጠጋኝ ማንሻውን የሚያስተካክለው ብስክሌቱ ቆሞ፣ ካቴናው ትንሹ ጥርስ ላይ ሳለ ነው። በዚያ ጊዜ ማንሻው ወደ ነጂው ዞሮ ስለሚተኛ ለማንም እጅ ቅርብ ሆኖ ይታያል። እየተገፋ ሲሄድ ግን ወደ ፊት ይርቃል፤ ካቴናውን ትልቁ ጥርስ ላይ የምታወጣው የመጨረሻዋ ግፊት ከሁሉም ሩቋ ናት። ሽቦው ይበልጥ የሚወጠረውም እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ጣት በጣም ተዘርግታ ጉልበቷ በሚያንስበት ቦታ ከፍተኛው ጉልበት ይጠየቅባታል። ሰው ደግሞ ያን ማርሽ የሚፈልገው ዳገት ላይ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ መሪውን አጥብቆ በያዘበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ አሠራራቸው ከሌላው ጠጋኝ የተለየ ነው። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው ፔዳሉን በእጅ እያዞሩ ካቴናውን መጀመሪያ ትልቁ ጥርስ ላይ ያወጡታል። ቀጥሎ የብስክሌቱ ባለቤት ኮርቻው ላይ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው ከፊት ይይዝለታል። ባለቤቱ ዓይኑን ከመሪው አንሥቶ ፊት ለፊት እያየ እጀታውን እንደ ልማዱ ይጨብጣል፤ ጣቶቹን ፍሬኑ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ አውራ ጣቱን ብቻ ይዘረጋል። የጣቱ ሥጋ ያረፈበት ቦታ ላይ የማንሻው ጫፍ እስኪደርስ ቀለበቱን በመሪው ዙሪያ ማዞር፣ ወደ እጀታውም ማስጠጋት ነው። ወደ ነጂው ትንሽ ሲዞር ሩቁ ጫፍ ከፍ ብሎ ይቀርባል። ከመጠን በላይ ከዞረ ግን ትንሹ ጥርስ ላይ ሲመለስ ማንሻው የአውራ ጣትን አንጓ መምታት ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ቦታ የሚያገኛት የባለቤቱ እጅ እንጂ የጠጋኝ ዓይን እንዳልሆነ ነው አዛውንቱ የጻፉት።

እኔም ከክሩ ሁሉ የምጨብጠው ይህን ነው። ማንሻ መለካት ያለበት ሥራ በሚበዛበት ቦታ ላይ ነው። ጠጋኞቻችን መሪ ማቃናትና ፍሬን ማጥበቅ ይችላሉ፤ የመሪን ዕቃ ለባለቤቱ መዳፍ መለካት ግን ልማዳቸው አይደለም። ትንንሽ እጅ ያላቸው ሴቶችና ልጆች ደግሞ ለትልቅ ሰው በተገጣጠመ ብስክሌት ይቸገራሉ።

5ኛው ከፍኖተ ሰላም የመጣ ጥያቄ ነው። የእሱ ብስክሌት ማርሽ መቀየሪያና ፍሬን በአንድ አካል ላይ የተሠሩ ስለሆኑ አንዱን ብቻ ማንቀሳቀስ አልቻለም።

በ6ኛው የመለሱለት አንድ የደብረ ማርቆስ መምህር ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሉማሜ በኩል በብስክሌት የሚወጡ ሰው ናቸው። እንደ እሳቸው አገላለጽ እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ ሁለቱ አብረው ይዞራሉ እንጂ አይለያዩም። ስለዚህ በመጀመሪያ ለፍሬኑ የሚመቸውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ማርሽ ቢያመልጥ ሰው ይደክማል፣ ፍሬን ቢያመልጥ ግን ይወድቃል። የፍሬኑ ማንሻ ክንድና የእጅ አንጓ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ ያህል ወደ ታች ማዘንበል አለበት። ከፍሬኑ ማንሻ ሥር ትንሽ ብሎን አለች፤ ስትጠብቅ ማንሻውን ወደ መሪው ታስጠጋዋለች። ይህች ብሎን ፍሬን መጨበጥ ለሚያቅታት ትንሽ እጅ እንደተሠራች፣ ነገር ግን የነካት ሰው አይተው እንደማያውቁ መምህሩ በቁጭት ጽፈዋል። ከዚያ በኋላም ማርሹ የማይመች ከሆነ ሁለቱን ለየብቻ መግዛት ግድ ነው።

መምህሩ ለጠያቂዋም አንድ ነገር ጨመሩላት። አዛውንቱ እንዳሉት ቀለበቱ ሲላላ ወደ እጀታው እንዳይጠጋ የሚከለክለው ብዙ ጊዜ በመካከል የተቀመጠው የፍሬን ቀለበት ነው። እንዲህ ከሆነ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይቻላል፤ ማርሹ ከእጀታው ቀጥሎ ይገባል፣ ፍሬኑ ወደ መሀል ይገፋል። ፍሬኑ ወደ መሀል መሄዱ ጉዳት የለውም፤ ጠቋሚ ጣት የማንሻውን ጫፍ ስለሚይዝ እንዲያውም ጉልበት ይቆጥባል። ለዚህ ግን የእጀታውን ላስቲክ ማውለቅ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ካቴናው ጥርስ ሲቀይር የማርሹ አካል ከፍሬኑ አካል ጋር እንዳይጋጭ ማየት ይገባል።

7ኛው ምስጋና ብቻ ነው።

8ኛዋ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ከዚህ በፊት የተጻፈው ሁሉ ስለ ብረት እንጂ ስለ እጅ አለመሆኑን ታዝባ ጀመረች። በአውራ ጣት ሥር፣ በእጅ አንጓ ጎን በኩል የሚሰማው ሕመም ጣትን የሚያነሡትና ወደ ውጭ የሚዘረጉት ጅማቶች በሚያልፉበት ጠባብ ሽፋን ውስጥ ሲፋተጉ የሚመጣ ሊሆን እንደሚችል አስረዳች። እ.ኤ.አ. በ1895 ስለዚህ ሕመም በጻፈው በስዊዘርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም በደ ኬርቫን ስም እንደሚጠራም ጠቀሰች። ጣትን በጣም ዘርግቶ፣ አንጓን አጥፎ፣ በኃይል መግፋትና ይህንኑ ደጋግሞ ማድረግ ያባብሰዋል። ስለዚህ ማንሻውን ማቅረብ ይጠቅማል፤ ጣቱ የታመመ ሰው ግን ለጊዜው ማሳረፍም አለበት። ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ካልተሻለ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚያስፈልግም አሳሰበች። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት መደንዘዝ ግን ከማርሽ ጋር የማይገናኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚመጣው መዳፍ ላይ ክብደት ጥሎ ለረጅም ጊዜ በመንዳት ነርቭ ሲጫን ነው።

በ9ኛው የክሩ መልክ ተለወጠ። ከሞጣ የጻፈ ሰው አያቱ ዕድሜ ልካቸውን እርፍ ጨብጠው ሲያርሱ ጅማት የሚባል ነገር ሰምተው እንደማያውቁ፣ የዛሬ ሰው ግን አንዲት ብረት ገፍቶ ሐኪም እንደሚፈልግ በስላቅ ጻፈ። 10ኛው የባለሙያዋ መልስ ነው፤ በቁጣ አልመለሰችለትም። እርፍ የሚጨበጠው በሙሉ መዳፍ ስለሆነ ጉልበቱ የሚመጣው ከክንድና ከትከሻ ነው፤ አውራ ጣት ለብቻዋ ወደ ጎን አትገፋም። አያቱ አልታመሙም ማለት አለመናገራቸው ሊሆን እንደሚችልም አክላለች። 11ኛው የሞጣው ሰው እንደገና መጥቶ ስለ አያቱ ተናገረች ብሎ መቆጣቱ ነው። 12ኛውና 13ኛው ሁለቱን ለማስታረቅ የገቡ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በማርያም ብሎ ለምኗል። እነዚህን እዘላቸዋለሁ።

14ኛው ጠያቂዋ ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መሀል ያቀረበችው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የግራ እጇ ማንሻ፣ የፊቱን ጥርስ የሚቀይረው፣ እንደ ቀኙ ደረጃ በደረጃ ቀጭ ቀጭ አይልም። ዝም ብሎ ይንሸራተታል፤ አንዳንዴም ማንም ሳይነካው ወደ ኋላ ይመለስና ካቴናው ወደ ትንሹ ጥርስ ይወርዳል። ተበላሽቶ ይሆን?

15ኛው የቡሬው አዛውንት መልስ ነው። አልተበላሸም። ይህ ዓይነቱ በመፋተግ የሚሠራ ነው፤ ማንሻውን ባለበት የሚያቆመው መሀሉ ላይ ያለው ብሎን ጥብቀት ነው። መንገድ ሲያንቀጠቅጠው ብሎኑ ይላላል፣ የሽቦው ውጥረት ማንሻውን ይጎትተዋል። ሩብ ዙር ያህል እያጠበቁ መሞከር ነው፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ እንደገና አውራ ጣትን ያደክማል። ማንሻው ሳይመለስ የሚቆምበት የመጀመሪያው ቦታ ላይ ማቆም ይበቃል። አንዳንዱ የቀኝ ማንሻም በደረጃ ከመዝለል ወደ መፋተግ የሚለወጥበት ትንሽ መዞሪያ እንዳለው፣ ሽቦ ሲያረጅና ደረጃው ሲዛባ እሱን አዙሮ ቤት መድረስ እንደሚቻል ገለጹ።

16ኛው አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ የባሕር ዳር ሰው ነው። ይህ ጉዳይ ልቡን የነካው ይመስላል፤ ረጅም ጽፏል። የጃፓኑ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1982 ዲኦሬ ኤክስ ቲ የተባለውን የተራራ ብስክሌት ዕቃ ሲያወጣ መቀየሪያው እንዲህ ከመሪ በላይ የሚቀመጥ የአውራ ጣት ማንሻ እንደነበረ፣ ሰንቱር የተባለው ተፎካካሪውም ተመሳሳይ ይሠራ እንደነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ከመሪ ሥር የሚገቡት ባለ ሁለት ምላሶች መጥተው ውዱን ገበያ እንደወሰዱት ተረከ። የአውራ ጣት ማንሻ በአብዛኛው በርካሽ ብስክሌቶች ላይ ቢቀርም የሚበላሽ ነገር ስለሌለው ከሁሉም እንደሚበልጥ ነው እምነቱ። በደረጃ የሚዘለው አሠራር የተጀመረው በተራራ ብስክሌት ላይ እንደሆነም ጽፏል።

17ኛው ይህችን የመጨረሻዋን አረመ። አሠራሩን ሺማኖ መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ዱራ ኤስ በተባለው የመንገድ ውድድር ዕቃው ላይ ሲሆን ወደ ተራራ ብስክሌት የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሰብሳቢው እርማቱን በምስጋና ተቀበለ። እንዲህ ያለ ነገር በመድረካችን ብዙም አይታይም።

18ኛው ደግሞ እግረ መንገዱን አንድ ነገር ጠየቀ፤ ይህን ማንሻ በአሮጌ የውድድር ብስክሌት የተጠማዘዘ መሪ ላይ መግጠም ይቻላል ወይ? 19ኛው አይቻልም አለ። የቀጥታው መሪ ውፍረት እጀታው ጋ 22.2 ሚሊ ሜትር፣ የተጠማዘዘው ግን 23.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀለበቱ በግድ ከተከፈተ ይሰነጠቃል።

ከ20 እስከ 24 ያሉት ክሩ ከመንገዱ የወጣባቸው ናቸው። ነገሩ የተጀመረው አንድ ወጣት ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ፍሬን ሳይነካ እንደወረደ በመጻፉ ነው። ሌላው ያን ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት ፍሬን ሳይነካ የወረደ ሰው ሊጽፍ እንደማይችል ነገረው። ሦስተኛው ከባድ መኪናዎች እየተንገዳገዱ በሚያልፉበት ጠመዝማዛ ላይ እንዲህ ያለ ጉራ ለልጆች መጥፎ ምሳሌ እንደሚሆን ገሠጸ። ከእንጅባራ የገባ አንድ ሰው ደግሞ የአገው ፈረሰኛ ልጓሙን ለመያዝ ምንም ማስተካከያ እንደማያስፈልገው ጽፎ አሳቀን። የክሩ ተቆጣጣሪ በ24ኛው ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ አሳሰበ።

25ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን፤ የጻፈው በባሕር ዳር የቴክኖሎጂ ተማሪ ነው። ቀለበቱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሰው ሁሉ የሚረሳው የሽቦውን ሽፋን እንደሆነ አስታወሰ። ማንሻው ሲዞርና ሲጠጋ ሽፋኑ የሚሄድበት መንገድ ይለወጣል። አጭር ከሆነ መሪው ወደ አንድ ወገን ሲታጠፍ ሽቦው ይሳብና ማርሹ በራሱ ይዘላል። ስለዚህ ካስተካከሉ በኋላ መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሮ ማየት፣ ማርሹ ከዘለለ ሽፋኑን ማስረዘም ያስፈልጋል። ጥቂት ብቻ የተዛባ ከሆነ ሽቦው በሚገባበት ቦታ ያለችውን መወጠሪያ በግማሽ ዙር እያስተካከሉ መሞከር ይበቃል፤ ወደ ግራ ስትዞር ሽቦው ይወጠራል፣ ወደ ቀኝ ይላላል። በባለ 7 ጥርስ የኋላ ማርሽ ላይ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነውና ትንሽ መዛባት ይበቃዋል።

በዚህ ላይ አዛውንቱ በ26ኛው ለማስረዘሚያ የፍሬን ሽፋን ቁራጭ ቢገኝም እንደሚሆን ጻፉ። ተማሪው በ27ኛው ወዲያው ተቃወማቸው፤ ያውም አንተ እያለ። የፍሬን ሽፋን በውስጡ ያለው ብረት እንደ ጠመዝማዛ የተጠቀለለ ስለሆነ ሽቦው ሲወጠር ይጨመቃል። የማርሽ ሽፋን ግን ቀጥ ያሉ ብዙ ሽቦዎች ስላሉት አይጨመቅም፤ ልዩነቱም እንዲሁ በከንቱ አልተሠራም። ገለባብጦ ማርሽ ሽፋኑን ለፍሬን መጠቀም ደግሞ አደጋ ነው፤ በኃይል ሲጨበጥ ሊፈነዳ ይችላል።

28ኛው የሰብሳቢው ነው፤ ተማሪው አባቱ በሚሆኑ ሰው ላይ አንተ ማለቱን ነቀፈ። 29ኛው አዛውንቱ ራሳቸው ናቸው። ስለ አጠራሩ ምንም አላነሡም። እሳቸው በፍሬን ሽፋን ብዙ ብስክሌት ሠርተው አንድም ሰው ተመልሶ እንዳልመጣባቸው ግን ጠንከር አድርገው ጻፉ። ተማሪው በ30ኛው ይቅርታ ጠይቆ እርስዎ ማለት ጀመረ፤ ሐሳቡን ግን አልተወም። ነገሩን የፈታውም ይህ ምላሽ ነው። አዛውንቱ በኖሩበት ዘመን ይመጣላቸው የነበረው ማንሻ በመፋተግ የሚሠራ ስለነበር ሽፋኑ ትንሽ ቢጨመቅም ጣት ጥቂት ጨምሮ ገፍቶ ያካክሰዋል። በደረጃ የሚዘለው ማንሻ ግን የሚስበው ሽቦ ልኩ የታወቀ ነው፤ የተጨመቀውን ያህል ይጎድልበታል፣ ካቴናውም በሁለት ጥርስ መካከል ይንገጫገጫል። ሁለቱም እንደ ዕቃቸው ልክ ነበሩ። አዛውንቱ በ31ኛው ልጃቸው ሱቅ ውስጥ ያለውን ሽፋን ለይቶ እንዲያስቀምጥ እንደሚነግሩት ጻፉ።

32ኛው ከእንጅባራ ነው፤ የፈረሱ ሰው አይደለም፣ ሌላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ላስቲኩ የለሰለሰው ማንሻ ከጣት እንደሚያመልጥ፣ በብርዱ ደግሞ ጓንት ያጠለቀች ጣት ማንሻውን ለይታ እንደማታገኘው ገለጸና የራሱን ዘዴ አቀረበ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ይቆርጣል፤ ውስጡን በአሸዋ ወረቀት ፍቆ ማጣበቂያ ይቀባል፤ ማንሻው ጫፍ ላይ ሦስት ጊዜ ያህል ስቦ ይጠቀልለዋል፤ መጨረሻውን በቀጭን ክር ያስራል። ማንሻው ይወፍራል፣ አያንሸራትትም፣ ወደ ጣትም ጥቂት ይቀርባል። ቀለበቱን ማንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ይህ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

33ኛው ይህንን አድንቆ አለፍ አደረገው፤ ማንሻው ላይ የብረት ቁራጭ አስሮ ማስረዘምን አሰበ። መምህሩ በ34ኛው አስጠነቀቁት። የረዘመ ማንሻ ጉልበት ይቀንሳል፤ ግን ጫፉ የሚሄድበት መንገድም ይረዝማል። ለጣት ቅርብ የሆነው ከትንሹ ጥርስ ሲነሣ ብቻ ነው፤ ትልቁ ላይ ሲደርስ ከበፊቱም ይርቃል። ያም ብቻ አይደለም፤ የርካሽ ማንሻዎች አካል ፕላስቲክ ስለሆነ ተጨማሪውን ጫና አይችልም። የላስቲኩ ሽፋን ግን ውፍረት እንጂ ርዝመት ስለማይጨምር አይጎዳም።

በ35ኛው ጠያቂዋ የደረሰችበትን ነገረችን። መፍቻ ከጎረቤት ተውሳ ሥራውን ራሷ ሠርታለች። እጀታው በሳሙና ውኃ ወለቀ፤ በቀጭን ካቻቢቴ ጠርዙን ትንሽ አንሥታ ውኃውን ውስጥ ካፈሰሰች በኋላ እያሽከረከረች ጎተተችው። ፍሬኑን ወደ መሀል ገፍታ ማርሹን ከእጀታው አስጠጋች፤ ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ እንዳለ በአዛውንቱ መመሪያ ለጣቷ ለካችው። እጀታው ሲመለስ ሳሙናው እስኪደርቅ አንድ ሌሊት አሳድራዋለች፤ ወዲያውኑ ብትነዳው ኖሮ በእጇ ይዞርባት ነበር። ቤዛዊትን መዳፏን ሳታነሣ ወጥታለች። የቀራት ነገር ትንሹ ጥርስ ላይ ሲመለስ ማንሻው አንጓዋን በጥቂቱ መንካቱ ነው። አዛውንቱ በ36ኛው ቀለበቱን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት እንድትመልሰውና ብሎኑን ከልክ በላይ እንዳታጠብቀው መከሯት። ብስክሌቱ ሲወድቅ ቀለበቱ መሪው ላይ ዞሮ ቢተርፍ ከመሰበር ይሻላል፤ አምራቾች ለእንዲህ ያለው ብሎን የሚሰጡት ጥብቀትም 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ይህን የመጨረሻውን የጨመረው ተማሪው ነው።

37ኛው የመጀመሪያው ሰው ነው። አሁንም አዲስ መግዛት እንደሚሻል ያምናል። ማንም አልመለሰለትም።

ክሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ሲል ከቢቸና 38ኛው መጣ፤ በእኔ ግምት ከጠያቂዋም የባሰ ችግር ያለው እሱ ነው። በወፍጮ ቤት ሲሠራ የቀኝ አውራ ጣቱን ግማሽ አጥቷል። ማንሻው የትም ቢጠጋ የሚገፋበት ጣት የለውም። ማርሹን የሚቀይረው በግራ እጁ ከመሪው ማዶ ተሻግሮ ነው፤ በዚያን ጊዜ መሪው ይወላገድበታል።

39ኛው ከተማሪው ነው፤ አጭርም ግልጽም ነው። የግራውን የፊት ማንሻ አውልቆ ካቴናውን ከፊት በመካከለኛው ጥርስ ላይ መተው፣ የቀኙን ማንሻ ደግሞ ወደ ግራ ወስዶ ከመሪው በታች ገልብጦ ማሰር። ሲገለበጥ ሽቦው የሚወጣበት ወገን እንደገና ወደ መሀል ስለሚዞር፣ የግራ አውራ ጣትም እንደ በፊቱ ወደ ፊት ስለምትገፋው አሠራሩ አይለወጥም። የፊቱ ሦስት ጥርስ ይቀራል፤ የኋላው ሰባት ግን ለቢቸና ዙሪያ ይበቃል። መምህሩ በ40ኛው ሽፋኑ ረዘም ብሎ በአንድ ወጥ መቆረጥ እንዳለበት፣ መገጣጠም ከመጣ በመገጣጠሚያው ላይ ውኃ ገብቶ ሽቦው እንደሚዝግ አስገነዘቡ። ካቴናው ከፊት መካከለኛው ላይ እንዲቆም የሚያደርገው ደግሞ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋው የፊቱ መቀየሪያ ላይ ያሉት፣ የሚሄድበትን ርቀት የሚገድቡት የወሰን ብሎኖች ናቸው፤ እነሱን ማስተካከል ያስፈልጋል።

የቢቸናው ሰው በ41ኛው ፍሬኖቹንም ማቀያየር ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀ። በ42ኛው አንድ ሰው አዎ አለ፤ በ43ኛው ሌላው አያስፈልግም አለ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ የቀኝ እጁ አራት ጣቶች ጤነኛ ናቸው፣ ፍሬን የሚጨበጠውም በእነሱ ነው። እጁ የለመደውን ፍሬን ማዛወር በድንገተኛ ጊዜ የተሳሳተውን ያስጨብጠዋል። በ44ኛው አዛውንቱ ብስክሌቱን በአውቶቡስ ጭኖ ቡሬ ድረስ ካመጣው ልጃቸው እንደሚሠራለት፣ የእጅ ዋጋ እንደማይቀበሉት፣ ሽፋኑን ግን እሱ ይዞ እንዲመጣ ጻፉለት። የማርሽ ሽፋን እንዲሆንም አሳሰቡት።